ወደ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ስለ ላይኛው ዝናብ ይነገረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጉዞ ዓምድ ላይ በቅርቡ ስለ ወንዝ ሸለቆዎች የወጣውን ጽሑፍ ከነፎቶግራፎቹ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ጸሐፊው የገደሎቹን ቀለም፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ኩሬ የመውረድን ደስታና በጀልባ ከሞገድ ጋር የመታገልን ወኔ ጥሩ አድርጎ ስላሳየን ላመሰግነው እወዳለሁ። እኔም የዕረፍት ጊዜዬን ከሃያ ዓመት በላይ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ስዞር ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ጤናና አቅም ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ቦታ በዐይኑ አይቶ፣ በእግሩ ረግጦ እንዲመለስ ከልቤ እመኛለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ጫማው፣ ስለ ካሜራውና ስለ ስንቁ በዝርዝር ሲነግረን፣ ወንዙ ከየት እንደሚመጣና ከላይ ዝናብ ሲጥል ሸለቆው ውስጥ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል አላነሣም። ጉድለቱ የዚያ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ወደ ሸለቆ የሚጋብዙ ማስታወቂያዎችና የአስጎብኚዎች በራሪ ወረቀቶች በአብዛኛው ይህንኑ ነገር ሲዘሉት አያለሁ። ይህችን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ሸለቆ ውበት የሚነገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ልመስክር። ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው አገር ምድሩን በስፋት ያያል፤ ወደ ሸለቆ የወረደ ሰው ደግሞ የምድርን ዕድሜ በጎኑ እያሳለፈ ይሄዳል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ የቆረጠው ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ1,800 ሜትር የሚበልጥበት ቦታ አለው። በአፋፉ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ሲኖረው፣ ከታች ወንዙ ዳር የሚታየው ጥቁር ዐለት ግን 1.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው፤ ጠዋት ከአፋፉ ተነሥቶ የሚወርድ እግረኛ ከሰዓት በኋላ ያን ጥቁር ዐለት በእጁ ሲነካ፣ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የሰው አእምሮ ሊጨብጠው የሚችል አይደለም። የዓባይ ሸለቆም እንዲሁ በየደረጃው የሚነበብ ነው፦ ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የአሸዋ ድንጋዩ። ጠባብ ሸለቆዎች ሌላ ጸጋ አላቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የዐለት ስንጥቅ ውስጥ ሲገቡ፣ ፀሐይዋ ራሷ አትታይም፤ ብርሃኗ ግን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየነጠረ ሲወርድ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከሥር ሲደርስ ወይን ጠጅ ይመስላል። ግድግዳውን በመዳፍዎ ቢዳስሱት እንደተላገ እንጨት ለስላሳ ነው። ያንን ልስላሴ ያመጣው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግን ለብዙዎቻችን አይታወሰንም።

ሸለቆን የሚቆርጠው በአዘቦት ቀን የምናየው፣ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩበት ጸጥተኛ ውሃ አይደለም። ጠንካራ ዐለት በአብዛኛው የሚበላው በሙላት ጊዜ ነው፤ ጎርፉ አሸዋና ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ስለዚህ እኛ ለሽርሽር የምንገባበት መተላለፊያ ጎርፉ ለራሱ የሠራው መንገድ ነው፤ እኛ የምንገባበት እሱ በሌለበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። በላይኛው ተፋሰስ ያለው መሬት ገላጣ ዐለት ወይም ደርቆ የጠነከረ አፈር ከሆነ፣ የዘነበው ውሃ ወደ ውስጥ ለመስረግ ፋታ ስለማያገኝ ከየፈፋው ተጠራቅሞ ወደ አንዱ ጠባብ በር ይወርዳል። ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ የነበረው ውሃ ጥቂት ሜትር ስፋት ባለው ስንጥቅ ውስጥ እንዲያልፍ ሲገደድ፣ ያለው አማራጭ ወደ ላይ መነሣትና መፍጠን ብቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ዋና እችላለሁ የሚል ሰው ይህንን ስሌት ልብ ይበል፤ ጉልበት የማይሞላ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ሊጥል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምለው ከንባብ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሥራ አራት ሆነን ከአንድ ወጣት መሪ ጋር ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ገብተን ነበር። ከመግቢያው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መሪያችን ግን በስተራስጌ በኩል ከተራራው ጀርባ የጠቆረውን ደመና ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና «እባካችሁ፣ ትንሽ እንቆይና እንየው» አለን። እኛ ከሩቅ መጥተናል፤ ፀሐይዋም አናታችንን እየመታችን ነበር። ከመካከላችን ጥቂቶቹ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ደመናው የት፣ እኛ የት!» እያልን ተከራከርነው። ልጁ ጉዞውን ላዘጋጀው ክፍል ስልክ ደወለ። የተሰጠውን መልስ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ፤ «ሰዎቹ ከፍለዋል፤ ይዘሃቸው ግባ» የሚል ነበር። ገባን።

ከመግቢያው የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል እንደ ተጓዝን፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እንደ ድልድይ የተሰነቀረ ግንድ አገኘን። ቅርፊቱ ተልጦ ነጭቷል፤ በቅርንጫፎቹ ስብራት ላይ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞበታል። ከሥሩ ተሰልፈን ፎቶግራፍ ተነሣን። «ማን ሰቅሎት ይሆን?» ብሎ የተሳሳቀም ነበር። የሰቀለው ምን እንደሆነ ከመሪያችን በቀር ያሰበው ሰው አልነበረም፤ እሱም ፎቶግራፉን ሲያነሣልን ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረውም።

ሌላ አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ልጁ ድንገት ቆመና ጎንበስ ብሎ ውሃውን ዐየ። ቀደም ሲል ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠርበት የነበረው ውሃ ሻይ መስሏል። ቀጥሎ ደቃቅ ጭራሮ፣ ቅጠልና እንደ ሳሙና ዓይነት አረፋ መጣ። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚታችን ላይ ነው። ልጁ ግን «ሁላችሁም ወደ ላይ! ዕቃ ተዉ!» ብሎ ጮኸ፤ በስተቀኝ በኩል ወዳለው የዐለት እርከን እያሳየ አንድ በአንድ ያወጣን ጀመር። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት ተጓዥ ነበሩ፤ «እናቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ ወደ ታች አይመልከቱ» እያለ ሲስባቸው ድምፁ ይታወሰኛል። የመጨረሻው ሰው እርከኑ ላይ ሲወጣ፣ በመጀመሪያ ከሩቅ ከባድ መኪና በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም ቡናማው ውሃ ድንጋይ እያጋጨ መታጠፊያውን ዞሮ መጣ። ጥለናቸው የወጣናቸው ቦርሳዎች ለዐይን እንኳን አልቆዩም። እርከኑ ላይ ተጠጋግተን ለአራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እኛ ያለንበት ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ አድጌ፣ ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

እኛ በአንድ ወጣት ንቃት ተረፍን፤ ያልተረፉት ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1997 በአሜሪካ አሪዞና በሚገኘው የታችኛው አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ 11 ሰዎች የሞቱት ከላይ ርቆ በዘነበ ዝናብ በመጣ ደራሽ ጎርፍ ነበር፤ በሕይወት የወጣው መሪያቸው ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1999፣ በስዊዘርላንድ ኢንተርላከን አካባቢ በሚገኘው የሳክሰተን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በነጎድጓዳማ ዝናብ ምክንያት በመጣ ጎርፍ 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የጉዞው መሪዎች ነበሩ። በኢጣሊያ ካላብሪያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 በራጋኔሎ ሸለቆ 10 ሰዎች ሲያልቁ ደግሞ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። አገሮቹ የተለያዩ፣ ሸለቆዎቹም የተለያዩ ናቸው፤ የአደጋው አካሄድ ግን አንድ ነው። ሰዎቹ ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰማይ አዩ፤ ገዳዩ ውሃ የመጣው ከማያዩት ሰማይ ነው።

በዚህ ምክንያት ወደ ሸለቆ ለመግባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ዛሬ እዚህ ይዘንባል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ወደዚህ ሸለቆ የሚወርደው ውሃ ከየትኞቹ ተራሮች ይሰበሰባል? ትናንትና ዛሬስ እዚያ ምን ዘነበ?» ብሎ ነው። ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ገባሮቹን በጣቱ ተከትሎ የተፋሰሱን ስፋት ሊገምት ይችላል፤ የማይችል ደግሞ ከላይ የሚኖር ሰው አፈላልጎ በስልክ መጠየቅ አያቅተውም። ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ ዐይን ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። ግድግዳው ላይ በአንድ ከፍታ የተሠመረ የጭቃ መስመር፣ በስንጥቆች ውስጥ የተወሸቀ ሣር፣ ከፍ ብሎ የተሰነቀረ ግንድ፣ እነዚህ ሁሉ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። የሚታረፈውም የሚታደረውም ከዚያ መስመር በላይ መሆን አለበት፤ ደርቆ ለጥ ያለ አሸዋማ የወንዝ ወለል ለመኝታ ቢያማልልም ድንኳን ሊተከልበት አይገባም። በየመታጠፊያው «አሁን ውሃ ቢመጣ የምወጣው በየት ነው?» ብሎ ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ መውጫ የሌለበት ረጅም ክፍል ካለም ርዝመቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃው ቀለሙን ከለወጠ፣ ጭራሮና አረፋ ካመጣ ወይም ያለ ምክንያት ድምፁ ከበረታ፣ ጊዜው ዕቃ የመሰብሰቢያ አይደለም። በሸለቆው ወለል ላይ ወደ ታች ሮጦ ውሃን መቅደም አይቻልም፤ የሚያድነው ወደ ላይ መውጣት ነው። ከወጡ በኋላም የመጀመሪያው ሙላት ስለቀነሰ ብቻ ቶሎ መውረድ አይገባም፤ ከሌላ ገባር የተነሣ ሁለተኛ ሙላት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። መሪያችን አደጋውን ያውቅ ነበር። ያላገኘው ዕውቀት ሳይሆን «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ነው። ከኋላው የቀጠረው ክፍል፣ ከፊቱ ደግሞ የከፈልነው እኛ ቆመን፣ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት በሁለት በኩል ሲገፋ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? እኔ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ከገፉት አንዱ መሆኔ ነው። ስለዚህ የሸለቆ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሁሉ ውላቸው ላይ ሁለት ነገር በግልጽ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ። መሪው በቦታው ላይ ሆኖ ጉዞው ይቅር ካለ ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን፤ ማንም፣ ቀጣሪው ጭምር፣ አይሻረው። በአየር ሁኔታ ምክንያት ለቀረ ጉዞም የተጓዡ ገንዘብ ይመለስለት ወይም ቀኑ ይዛወርለት፤ መሪውም የዕለት ክፍያው አይቀርበት። ገንዘቡ እንደማይጠፋ ያወቀ ተጓዥ መሪውን አይጨቀጭቅም፤ እንጀራው እንደማይነካ ያወቀ መሪም ደመና አይቶ ዝም አይልም። የራስ መከላከያ ቆብና ገመድ የመግዛትን ያህል ወጪ እንኳን የማይጠይቀው ይህ ውል፣ በእኔ ግምት ከሁለቱም ይልቅ ሰው ያድናል።

ሁለተኛው በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ የመመለሻው አቀበት ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን የሚጋፈጠው ጉልበቱ ሳይነካ ነው፤ ሲደክመው ዞሮ ቢመለስ የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። ወደ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ቁልቁለቱ በጠዋት ብርድ ጉልበቱን እያታለለው ይወርድና፣ ስንቁና ውሃው ባለቀበት፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት አቀበቱን ይጀምራል። በዚያ ላይ ደረቅ አየር በየ100 ሜትር ቁልቁለት አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚሞቅ፣ አፋፉ ላይ ደስ የሚል ነፋሻ ቀን ሆኖ ሳለ ከአፋፉ 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ወለል ከአፋፉ ይልቅ በዐሥር ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል። በግራንድ ካንየን ሥር የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የፓርኩ አስተዳደርም ከአፋፍ እስከ ወንዙ ወርዶ በአንድ ቀን ለመመለስ መሞከር እንደማይገባ፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በአቀበት ከመጓዝ መቆጠብ እንደሚሻል ያሳስባል። ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ ለመውረድ ከፈጀው እጥፍ ነው ብሎ ማስላት ብልህነት ነው። ስለ ውሃ መጠጣት ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ጨው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ለሰዓታት ያላበው ሰው ምግብ ሳይቀምስ ውሃ ብቻ አብዝቶ ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይሳሳና ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ግራ ይጋባል፤ ጓደኞቹም የጠማው መስሏቸው ተጨማሪ ውሃ ያጠጡታል። ስለዚህ ጨው ያለበትን ነገር ከውሃው ጋር መቅመስ የግድ ነው።

በጀልባ ለሚሄዱትም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የወንዝ ሞገድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከአንድ እስከ ስድስት ባለው መለኪያ ይመደባል፤ አንደኛው ለጀማሪ የሚመች፣ ስድስተኛው ደግሞ ለሕይወት እጅግ አስጊ የሆነ ነው። ማስታወቂያ ላይ «ሦስተኛ ደረጃ» ተብሎ የተጻፈው ወንዝ ግን ሁልጊዜ ሦስተኛ ሆኖ አይቆይም፤ ውሃው ሲጨምር ደረጃው አብሮ ይለወጣል። ከላይ ግድብ ባለበት ወንዝ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃ ሊለቀቅ ይችላል፤ በፈረንሳይ ቬርዶን ሸለቆ ወንዙ ዳር የተተከሉት ማስጠንቀቂያዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ እግሩን ተክሎ መቆም ነው፤ በፈጣን ውሃ ውስጥ ግን እግር በድንጋይ መካከል ተሰንቅሮ ሲያዝ ውሃው ሰውዬውን ወደ ፊት ደፍቶ ይይዘዋል። በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደሚፈስበት አቅጣጫ ከፍ አድርጎ እየተንሳፈፉ ወደ ዳር መቅዘፍ ይሻላል፤ ይህ ደግሞ ጀልባ ላይ ከመወጣቱ በፊት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ በተግባር መለመድ አለበት።

ስለ ወንዝ ጉዞ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የአሜሪካዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ የጆን ዌስሊ ፓወል ታሪክ ነው። በጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ይህ ሰው እየመራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1869 እሱን ጨምሮ ዐሥር ሰዎች በአራት ጀልባዎች ሆነው ካርታ ያልወጣለትን ግራንድ ካንየን ለማቋረጥ ተነሡ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ስንቃቸው ተመናምኖ ከአንድ አስፈሪ ሞገድ ፊት ደረሱ፤ ሦስቱ ሰዎች ከዚህ በላይ አንሄድም ብለው ገደሉን ወጥተው ተለዩ። የቀሩት ሞገዱን አልፈው በሁለተኛው ቀን ከሸለቆው ወጡ፤ የተለዩት ሦስቱ ግን አልተመለሱም። አንዳንዶች ይህን ታሪክ ፈሪዎች ሞቱ፣ ደፋሮች ዳኑ ብለው ይተርኩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሦስቱ ሰዎች በዚያች ሰዓት ባላቸው ዕውቀት የወሰኑት ውሳኔ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ማንም አልነበረምና። እኛ ግን ዛሬ ካርታ አለን፣ የዝናብ ትንበያ አለን፣ ከላይ ላለ ሰው የምንደውልበት ስልክ አለን። እነርሱ ለማወቅ የማይችሉትን እኛ ለመጠየቅ ስንፍና ይዞን ሰው ሲሞት፣ ጀብዱ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

እንዲህ ያለው ማሳሰቢያ ጎብኚን ያስደነግጣል፣ ገበያም ያበላሻል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በናሚቢያ የሚገኘው የፊሽ ሪቨር ካንየን ለእግረኞች የሚከፈተው ከግንቦት መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው የፈረንጆች ወቅት ብቻ ነው፤ ሙቀቱና ሙላቱ በሚያሰጋባቸው ወራት ይዘጋል፤ ተጓዡም ጤንነቱን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ እያለ ሰው ያን ሸለቆ ለማየት ከዓለም ዙሪያ ይመጣል። እንዲያውም እኔ እውነቱን የሚነግረኝን አስጎብኚ ነው የምመርጠው፤ ያን ዕለት እርከኑ ላይ ካወጣን ወጣት ጋርም ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሌሎች ሸለቆዎች ወርጃለሁ፤ አንዱን ጉዞ ደመና አይቶ ከመግቢያው መልሶናል፤ ከመካከላችንም ቅር የተሰኘ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ወደፊት የሸለቆ ፎቶግራፍ ስታወጡ፣ ከሥሩ ጥቂት መስመሮች እንድትጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ወንዙ የሚሰበሰበው ከየት እንደሆነ፣ የሚሞላው በየትኞቹ ወራት እንደሆነ፣ ከላይ ግድብ መኖር አለመኖሩን፣ ከሸለቆው የሚወጣባቸው ቦታዎች በየስንት ሰዓት መንገዱ እንደሚገኙና የመመለሻው አቀበት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ። የዓምዱ ጸሐፊ ቦታውን ከሚያውቁ መሪዎች ጠይቆ በአንድ ቀን ሊያሟላው የሚችል መረጃ ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ እኔም የማውቃቸውን ሸለቆዎች በተመለከተ ይህንኑ ጽፌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ